ታንኳው ሲጠግብ

የሚኒሶታ ሰዎች አገራቸውን የዐሥር ሺህ ሐይቆች ምድር ይሏታል፤ ይህንኑም በየመኪናቸው ሰሌዳ ላይ አስጽፈው ይዞራሉ። ቁጥሩ እንዲያውም ተቀንሶ የተነገረ ነው፤ ስፋታቸው ዐሥር ኤከርና ከዚያ በላይ የሆነው ብቻ ሲቆጠር 11,842 ይደርሳል። ብርዱ ሲጠና ሁሉም እንደ ድንጋይ ይረጋሉ። መኪና ይነዳባቸዋል፤ ዓሣ አጥማጁም በረዶውን በስቶ ጎጆውን በላያቸው ይተክላል። በሚያዝያ ግድም በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አገሩ በሙሉ ጀልባውን ከተጠቀለለበት ላስቲክ እየፈታ ወደ ውኃው ይወርዳል።

በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ አንድ የዘጌ ሰው አለ። ሥራው አውቶቡስ መንዳት ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ቡና ሲጠጣ የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜና እሑድን በየትኛው ሐይቅ ላይ እንዳሳለፉ ይጠያየቃሉ። እሱን የሚጠይቀው የለም። ቅዳሜ ወይ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ ይውላል፤ ወይ ለቅሶ ይደርሳል፤ ወይ ክርስትና ተጠርቷል። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ግን ልጅነቱን በውኃ ላይ ያሳለፈው ምናልባት እሱ ብቻ ነበር።

ዘጌ ወደ ጣና ዘልቆ የገባ የቡና ደን ነው። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ጌሾና የማገዶ እንጨት በታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሻገሩ ነበር። ታንኳው ከደንገል የሚሠራ ነው። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ መሰል ሆኖ አየር የቋጠረ ነው፤ የሚያንሳፍፈውም ይኸው የተቋጠረ አየር ነው። ነገር ግን ጠዋት ላባ የነበረው ታንኳ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል። የዚያን ጊዜ «ጠገበ» ይባላል። የጠገበ ታንኳ ወደ ዳር ይወጣና ዛፍ ተደግፎ ፀሐይ እንዲመታው ይቆማል፤ ሲደርቅ እንደገና ይራባል፤ እንደገናም ወደ ውኃው ይመለሳል። እንዲህ እየተደረገም ዕድሜው የወራት ነው። በዚህ ጥበብ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ደንገሉ ከብዙው የጣና ዳርቻ ተመናምኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭም በበኩሉ የሐይቁን አንድ ወገን አልብሶታል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው።

ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ ያለው ታላቅ ሐይቅ ሚኒቶንካ ይባላል። በአገሩ ነባር ባለቤቶች፣ በዳኮታዎች ቋንቋ፣ «ምኒ» ማለት ውኃ፣ «ታንካ» ማለት ታላቅ ነው። ይህን ለሰውዬው የነገሩት ዘወትር በአውቶቡሱ ይሳፈሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ታንካና ታንኳ! ሁለቱ ቃላት በምንም አይዛመዱም፤ የቋንቋ ሊቅ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ሰውዬው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዝምድናቸውን አልተጠራጠረም።

ጀልባ የመግዛት ሐሳብ የመጣው ግን ከዚህ አይደለም፤ ከበር ነው። የበኩር ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው በሩን መዝጋት ጀመረ። እራት ሲጠራ በተዘጋው በር ውስጥ ሆኖ በእንግሊዝኛ «አልራበኝም» ይላል። በአማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ታናሽ እኅቱ ገና የስምንት ዓመት ልጅ በመሆኗ በሯ ክፍት ነው፤ የእሷም መዘጋት ግን የጊዜ ጉዳይ ነበር። አባት ሌሊት ባዶ አውቶቡስ ወደ ጋራዥ ሲመልስ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመና አንድ ቀን እንዲህ ሲል ለራሱ ደመደመ፤ ጀልባ ላይ የሚዘጋ በር የለም።

በባንክ ዐሥራ ስምንት ሺህ ዶላር ነበራቸው። ገንዘቡ ለባሕር ዳሩ ቤት ጣሪያ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ቤቱ ግድግዳው ቆሞ ሦስት ክረምት ዝናብ ወርዶበታል፤ አራተኛ ቢጨመርበት ምን ይሆናል አለ ሰውዬው። ሚስቱ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ አገሯ ወሎ ነው። ውኃ አትወድም። እስከ ሐይቁ ዳር ትሄዳለች፤ ምንጣፍ አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ጫማዋን ግን አውልቃ አታውቅም። የጀልባውን ነገር ሲያነሣባት እንቢ አላለችም። «እንይ እስቲ» አለች። ወሎዬ «እንይ እስቲ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያልገባው ሰው እንደ ፈቃድ ይወስደዋል። ሰውዬውም እንደ ፈቃድ ወሰደው።

ለቤተሰብ ሽርሽር የሚሆነው ፖንቱን የሚባለው ጀልባ እንደ ሆነ ሁሉም ነገረው። ፖንቱን ሆድ የለውም። ሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ጎን ለጎን ተጋድመው በላያቸው ጠፍጣፋ ወለል ይነጠፋል፤ ወለሉ ዙሪያውን በአጥር ይከበባል፤ በአጥሩ ውስጥ እንደ ሳሎን ሶፋ ይደረደራል፤ በላዩም የሸራ ጥላ ይዘረጋል። ሞተሩ ከኋላ ይሰቀላል። ባጭሩ እንግዳ መቀበያ ክፍል ተነሥቶ ውኃ ላይ እንደ መሄድ ያለ ነው። የዚህን ጀልባ ፈር የቀደደው ሰው ደግሞ የዚያው አገር ገበሬ ነበር። ሪችመንድ ከምትባል የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ የተነሣው አምብሮዝ ዊረስ እ.ኤ.አ. በ1952 የብረት በርሜሎችን በሁለት ረድፍ አጋጥሞ በላያቸው የእንጨት ወለል ደለደለ፤ በሰፊው የቆመ አይገለበጥም ብሎ አሰበ፤ ወደ ሐይቁ አወረደው፤ ቆመለት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ኢንዱስትሪ ሆነ። ገበሬው ዘጌ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በርሜሉን ትቶ ደንገል ያጭድ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ አየርን አስሮ በላዩ መቀመጥ።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ጀልባ መሸጫው ሄደ። የሚስቱ እናትም አብረው ነበሩ። እማማ በሚያዝያ ከወሎ መጥተው ስድስት ወር ሊቀመጡ ነው። ወዴት እንደሚኬድ የነገራቸው ባይኖርም ነጠላቸውን አጣፍተው ከሁሉ ቀድመው መኪና ውስጥ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ሻጩ ሁለት ጀልባዎችን አሳያቸው። አንደኛው ዐሥር ዓመት ያገለገለ፣ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር የሆነ፣ ስልሳ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተሰቀለበት ነው። ሶፋው እዚህም እዚያም ፀሐይ አንጥቶታል። ዋጋው ከነተሳቢው ዐሥራ ስድስት ሺህ ዶላር። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ በመካከል ሦስተኛ ቱቦ ተጨምሮበታል፤ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ከሩብ፣ ሞተሩ መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት፣ ቀለሙ የሌሊት ሰማይ የመሰለ። በዚህኛው ላይ ዋጋው አይነገርም፤ የሚነገረው የወር ክፍያው ነው። ክፍያውም ለዐሥራ አምስት ዓመት ይቀጥላል። ሰውዬው በልቡ ደመረው፤ ከስልሳ ሺህ በላይ ነው። የበኩር ልጁ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል።

በሁለቱም ጀልባዎች ላይ፣ ከመሪው አጠገብ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ተለጥፋለች። የሰው ቁጥርና የክብደት ልክ ተጽፎባታል። የትንሹ ጀልባ ሰሌዳ ዐሥር ሰው ይላል፤ የትልቁ ዐሥራ አራት።

ሰውዬው ትልቁ ላይ ወጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ወዲያውም መጋበዝ ጀመረ። የዕቁቡ ሰዎች፤ የሰፈሩ ልጆች፤ አሜሪካ በገባ በሳምንቱ የመጀመሪያ ሥራውን ያስገኙለት፣ እስከ ዛሬም «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሰውና ባለቤታቸው፤ ከሲያትል በየክረምቱ የሚመጡት ዘመዶች። ጣቱን እያጠፈ ቆጥሮ ዐሥራ ስድስት ደረሰ። ሻጩ ዐሥራ አራት መሆኑን አስታወሰው። ሰውዬው ሳቀና በጀርባው ሶፋውን መታ መታ አደረገ፤ «አንድ ሁለት ሰው ቢጨመር ምን አለበት? ሕፃናት ይኖሩበታል» አለ። ሻጩም ለደንቡ ያህል ሳቀ። ሚስቱ ግን ፊቷን አዙራ ወደ መኪናው ሄደችና በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ፀሐይ መቷት ይሆናል ተባለ።

እማማ ጀልባዎቹን በዝግታ ዞሯቸው። በቱቦዎቹ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ፤ በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ ጋን የሚገዙ ይመስሉ ነበር። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን በጣታቸው ጠሩት።

«ና አንተ። ይህን ሰውዬ ጠይቅልኝ። ሰዉ ሁሉ ደንግጦ ባንድ ወገን ቢሆንስ ምን ትሆናለች በለው።»

ልጁ ስልኩን ከዓይኑ አነሣ። ጥያቄውን ሲተረጉም ተንተባተበ፤ «ደንግጦ» የሚለውን ቃል አያቱን መልሶ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በፊታቸው አሳዩት። ሻጩ ጥያቄውን ሲሰማ ፈገግታውን ተወ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ወይም ጥያቄው ጥሩ ሰው አደረገው። ባለ ሁለት ቱቦው ሸክሙ ሁሉ ወዳንድ ወገን ቢሄድ በዚያ ወገን ያለው ቱቦ ብቻውን እንደሚሸከም፣ ከሁሉ የከፋው ግን ሰዉ ወደ ፊት ተሰብስቦ አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ሲያስነክሳት እንደ ሆነ፣ ባለ ሦስቱ የበለጠ እንደሚችል፣ የሰሌዳው ቁጥር ግን ለሁለቱም ሰዉ በየመቀመጫው መቀመጡን ታሳቢ ያደረገ መሆኑን አስረዳ። የፊተኛው በር በጉዞ ላይ መከፈት እንደሌለበት፣ ከበሩ ውጭ እግሩን ሰቅሎ የተቀመጠ ሰው ቢወድቅ የሚያገኘው ሞተሩ መሆኑንም ጨመረ። ቱቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ በግድግዳ ተከፍለዋል፤ አንዱ ክፍል ቢበሳ ሌላው አየሩን ይዞ ይቆያል። ልጁ ይህን ሁሉ ለአያቱ ተረጎመላቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አባቱ ከልጁ አፍ ይህን ያህል አማርኛ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ከሰማ ዓመት አልፎታል።

«ውሸት የለበትም» አሉ እማማ፤ ስለ ጀልባዋ ይሁን ስለ ሻጩ አልታወቀም።

ያን ዕለት ሌሊት፣ ልጆቹና እማማ ከተኙ በኋላ፣ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ተቀመጡ። ሰውዬው የትልቁን ጀልባ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ሚስቱ ሥዕሉን ገለበጠችው።

ታናሽ ወንድም ነበራት። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሳዑዲ ሠርቶ እናቱን ሊጦር ከወሎ ተነሣ፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ኦቦክ ደረሰ። ከኦቦክ ማዶ የመን ናት። ባሕሩ በጠበበበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ስፋቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲነጋ ተነሥቶ ረፋድ ላይ የሚደረስበት መንገድ። ሚኒሶታ ውስጥ ይህን ያህል የሚረዝም ሐይቅ አለ። እንግዲህ በዚያ ውኃ ላይ ስንት የአገር ልጅ እንዳለቀ ለአንባቢ መንገር አያሻም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 እንኳ በየመን የአቢያን ዳርቻ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የተሳፈሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወንድሟ የሰጠመባት ጀልባ ግን ዜና እንኳ አልሆነችም። ባልየው ይህን ያውቃል፤ ለቅሶውን አብሮ ተቀምጧል። አስከሬን ስላልነበረ የተለቀሰው በፎቶግራፍ ነበር። የማያውቀው አንድ ነገር ነበር።

«አንድ የተረፈ ልጅ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ያኔ አልነገርኩህም፤ ለእናቴም አልነገርኳት። ጀልባዋ ሞልታ ነበር አለኝ። ባለ ጀልባው ራሱ በቃ ብሏል። ወንድሜ ቀርቷል። ጓደኛው ውስጥ ስለ ነበረ ግን ዳር ቆሞ አለቀሰ። የተሳፈሩት ናቸው የለመኑለት። ‹ጨምሩት፣ አንድ ሰው ምን አለበት› ብለው። አዝነውለት እኮ ነው። የአገሩ ልጆች፤ ጥሩ ሰዎች።»

ሰውዬው ዝም አለ። ቀን በጀርባው ሶፋውን እየመታ የተናገረው ቃል ተመልሶ መጣበት።

«ትልቁን ብንገዛ ሰሌዳው ዐሥራ አራት ይላል፤ አንተ ዐሥራ ስድስት ትጠራለህ» አለች። «ትንሹን ብንገዛ ዐሥር ይላል፤ አንተ ዐሥራ አንድ ትጠራለህ። እኔ የምፈራው ጀልባዋን አይደለም፤ አንተን ነው።»

በእኛ ዘንድ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ከስድብ ይከፋል። ሞሰቡ ሲጠብ ጠጋ ይባላል፤ ወጡ ሲያንስ ውኃ ይጨመራል፤ አልጋው ሲሞላ መሬት ይነጠፋል። ይህ ሰው ለሃያ ሁለት ዓመት በባዕድ አገር ሰው ሆኖ የቆየው በዚህ ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል ባላት ቤቱ ያላደረ አዲስ መጪ የለም። ሚስቱ አሁን የምትለው ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ቁጥር ይኑር፤ ቁጥሩም ሲሞላ የቆመው ሰው ማንም ይሁን ማን ይቅር። ይህን የመሰለ ክፉ ቃል በቤታቸው ተነግሮ አያውቅም። ሰውዬው እስኪነጋ አልተኛም።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ሳይጠራ ከክፍሉ ወጥቶ እርሳስና ወረቀት ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የአያቱ ጥያቄ ከአእምሮው አልወጣም ኖሯል። አንድ አካል በውኃ ውስጥ ገፍቶ ያስለቀቀውን ውኃ ያህል ወደ ላይ እንደሚገፋ በትምህርት ቤት ተምሯል። የትንሹ ጀልባ አንድ ቱቦ ወርዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ነው። 0.3 በ0.3፣ በ3.14፣ በ6 ሲባዛ 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ቱቦ ጨርሶ ሊሰጥም ሲል 1,700 ኪሎ፣ ሁለቱ 3,400 ኪሎ ይሸከማሉ። ነገር ግን ቱቦ ጨርሶ እስኪሰጥም አይጫንም፤ ጀልባ አዋቂዎች እስከ ወገቡ ብቻ እንዲጠልቅ ይፈልጋሉ። የዚያ ልክ 1,700 ኪሎ ነው። ጀልባዋ ራሷ ከሞተሯ፣ ከነዳጇና ከዕቃዋ ጋር 1,000 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። የሚቀረው 700 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ሰባ ኪሎ ቢባል ዐሥር ሰው።

«ሰሌዳው አልዋሸም» አለ ልጁ፤ ይህንንም በእንግሊዝኛ ተናግሮ፣ እማማን አየና በአማርኛ ደገመው።

«ሰባት ቢሆንስ?» አለች እናቱ ከምድጃው ዘወር ሳትል።

ልጁ ደመረ። ሰባት ሰው 490 ኪሎ ነው። ወገቡ ጋ ለመድረስ 210 ኪሎ ይቀረዋል። ሰዉ ሁሉ ደንግጦ ባንድ ወገን ቢሆን እንኳ ያ ወገን ሳይጠጣ ይቆያል ብሎ ገመተ፤ በትክክል ለማስላት የጀልባዋን ወርድና የክብደቷን እምብርት ማወቅ ያሻል፤ እሱን ገና አልተማረም። አባቱም ተራውን ስለ ደንገል ነገረው፤ ስለ ተቋጠረው አየር፣ ውኃ ሲመጥ ጠገበ ስለ መባሉ። ልጁ የደንገልን አገዳ በስልኩ ፈልጎ የተቆረጠውን ፊት አስፍቶ አየው። «ይኼ እኮ ያው ነው» አለ። «ክፍል ክፍል ነው። ቱቦው ሦስት አራት ክፍል አለው፤ ይኼ ግን ሺህ ነው።» ደንገል በአንዴ አይሰጥምም፤ ቀስ እያለ ነው የሚከብደው፤ ሰዉም ወደ ዳር የሚመለስበት ጊዜ ያገኛል። አባትየው ይህን ልጅ ሆኖ በእግሩ ያውቀው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ከልጁ ሰማ።

ትልቁ ጀልባ እንዴት እንደ ቀረ ብዙ የሚያጫውት አይደለም። የዐሥራ አምስት ዓመት ዕዳ አለ። የቤተሰቡ መኪና መጎተት የሚችለው 1,600 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ትልቁ ከነተሳቢው ከዚህ በብዙ ስለሚበልጥ መኪናም አብሮ ሊገዛ ነው። ትንሹ ግን ለጥቂት አለፈ። የጣሪያው ገንዘብ ሄደ። የባሕር ዳሩ ቤት አራተኛውን ክረምት ዝናብ ሊጠጣ ተወሰነበት።

ሚስትየዋ ለጀልባዋ የገዛችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአገሩ ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንዲኖር ያዝዛል፤ ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ጀልባዋ ስትሄድ ለብሶት መቀመጥ አለበት። እሷ በሕጉ ላይ የራሷን ሕግ ጨመረች። ሰባት ሰደርያ ገዛች፤ ስምንተኛ አልገዛችም። ያለ ሰደርያ ማንም አይወጣም፤ ልጅም ሆነ ሽማግሌ፣ ዋና የሚችልም የማይችልም። ሰባቱንም በልብስ መስቀያ ላይ ሰቅላ ጋራዡ ውስጥ ደረደረቻቸው።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ የመጀመሪያው ግብዣ ሆነ። ሚኒቶንካ በዕረፍት ቀን በትልልቅ ጀልባዎች ማዕበል ስለሚታመስ አንዲት ጸጥ ያለች መለስተኛ ሐይቅ ተመረጠች። ልጁ በዕድሜው የሚጠየቀውን የነጂነት ፈቃድ ፈተና አልፎ አባቱ አጠገብ በመሪው ቆሟል። እማማ በዳሩ ሣር ላይ ከአንድ የዛፍ ጥላ ሥር ረከቦታቸውን ዘርግተው፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቡና ይቆላሉ። «ውኃውን ከዚህ አየዋለሁ» ብለዋል። ሚስትየዋም አጠገባቸው ናት። እንግዳው ተንጠባጥቦ መጣ፤ ስድስት፣ ስምንት፣ ዐሥር ሆነ። ሰባቱ ሰደርያቸውን ለብሰው ተሳፈሩ። ጀልባዋ ልትነሣ ስትል ጋሼ ከባለቤታቸውና ከሁለት የሲያትል እንግዶች ጋር ደረሱ። በእንጨቱ መወጣጫ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። መቀመጫ አለ፤ ለዓይን ገና ሦስት ሰው ይይዛል።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» አሉ ጋሼ እየሳቁ፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው።

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣውም። ይህ ሰው እኮ ባዶ እጁን በመጣ ጊዜ በመኪናቸው ኋላ መቀመጫ አስተኝተውት ያደሩ ሰው ናቸው። ከውስጥም አንዲት ሴት «ኧረ ይግቡ፣ ምን አለበት» አለች። ሰውዬው ወደ ዳሩ አየ። ሚስቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ጋሼ» አለ ልጁ። ድምፁ ገና እየጎረነነ ስለ ነበር ቃሉ በመካከል ተሰበረ። «ጀልባዋ ጠግባለች።»

ጋሼ እግራቸውን በአየር ላይ እንደ ያዙ ቀሩ። «ምን ሆናለች?»

«ጠግባለች። ተመልሰን እንመጣለን። እርስዎ ቀጥሎ ነዎት።»

አባቱ ዘጌን አየ፤ አባቱ በታንኳው ጭራ ቆመው መቅዘፊያቸውን ወደ ዳሩ ሰው አንሥተው ይህንኑ ቃል ሲናገሩ። የጠገበው በውኃ ብቻ አልነበረም ለካ፤ በሰውም ይጠግብ ነበር። የተመለሰውም ሰው ሳይቀየም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሌላ ታንኳ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለልጁ አልነገረውም ነበር፤ ልጁ ከራሱ ነው ያመጣው።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። ሳቃቸው ግማሹ ቅሬታ ነበረበት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ባለቤታቸው ግን ቀድመዋቸው ወደ ዛፉ ጥላ አምርተዋል። እማማ ከሩቅ ይጣሩ ነበር።

«ኑ በሉ፣ ኑ! አቦሉ ወርዷል። የመጀመሪያዎቹ ሲመለሱ ቶናውን እነሱ ይጠጣሉ፤ እናንተ ትሄዳላችሁ። ባዶውን የሚጠብቅ የለም።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጀልባዋ ዞራ እስክትመለስ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ እማማም ጀበናውን ሲያዘገዩት ከርመው ቶናውን ጀልባዋ ከማዶ ስትዞር ጣዱት። ከውኃ የተመለሱት ሰደርያቸውን አውልቀው ስኒ ያዙ፤ አቦል የጠጡት ሰደርያውን ለበሱ። ጋሼ ብርቱካንማውን ሰደርያ በኮታቸው ላይ ሲያጠልቁ ቁልፉ አልደርስ ብሏቸው ልጁ ጎንበስ ብሎ ቆለፈላቸው። ሰውዬው ሲቆጥር ስድስት ሆኑ። እንደገና ቆጠረ። አንድ ሰደርያ ሣሩ ላይ ቀርቷል።

ሚስትየዋ ሰደርያውን አነሣችው። ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች፤ ከዚያም ጫማዋን አወለቀች።

እማማ ተነሥተው ማሰሪያውን እንደ መቀነት ሁለት ጊዜ ዞረው ቋጠሩላት። «በረካው ላይ ትደርሻለሽ» አሉና ወደ ጀበናቸው ተመልሰው ውኃ ጨመሩበት።